አቶ ልየው አይነሡም

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት እንደሚመጡ በስልክ ሲነገራቸው፣ አቶ ልየው ፈንታሁን መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ልጃቸው ሳይሆን ስለ ሽንት ፊኛቸው ነበር። ቢናገሩትም ባሕር ዳር ውስጥ የሚስቅባቸው አልነበረም። የከተማው ሰው ሁሉ ኑሮውን የሚያቅደው በዚያችው ነገር ዙሪያ ነው።

ባሕር ዳር ውሃ በአፏ መጠጣት ካቆመች አንድ ትውልድ አልፏል። በዚያ ክፉ ዘመን፣ በአፍ የገባ ውሃ ሁሉ በሽታ ይዞ ሲገባ፣ ለነዋሪው በሙሉ ስንጥብ ታደለ፤ ከጆሮ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻ የሚወርድ፣ ልክ ዓሣ እንደሚተነፍስበት ስንጥብ እየተከፈተ የሚዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነሥቶ ገንዳ ውስጥ መነከር ነው፤ ውሃው ተጣርቶ በስንጥቡ በኩል ራሱ ይገባል። ጨው ያለበት ገላ ውሃ ይስባል፣ ውሃውም ሳይጠሩት ይመጣል። ችግሩ መምጣቱን አለማቆሙ ነው። ከገንዳው ወጥተው ቢለብሱም የሐይቁ እርጥብ አየር እየሾለከ ይከተላል፣ ኩላሊትም የገባውን ለማስወጣት እንደ ወፍጮ ሲዞር ይውላል። ስንጥቡ ከውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው እየለቀመ ወደ ደም ባይመልስ ኖሮ ሰዉ ሁሉ አልጫ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለዚህ በባሕር ዳር ቤት ሲሠራ መጀመሪያ መጸዳጃው፣ ቀጥሎ ሳሎኑ ይታሰባል። እግር ኳስ በየሩብ ሰዓቱ ያርፋል። የቀብር ንግግር በማጠሩ ሟች ከብዙ ውዳሴ፣ ቀባሪም ከብዙ ውሸት ድኗል። ጠላ እንኳ እንደ ገንፎ ወፍሮ በማንኪያ ይቀርባል፤ በአፍ መጠጣት የባለጌ ነገር ነውና። በየትኛውም ቤት ኩባያ የለም። «ጠማኝ» የሚለውን ቃል ልጆች ትምህርት ቤት ያጠኑታል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ሲነሣ ግን «ጠማው ማለት ምን ሆነ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መምህሩም «እንደ መራብ ያለ ነገር ነው፣ ጉሮሮ ላይ» ብለው ያልፉታል። መምህሩ ራሳቸውም አያውቁትም።

ሰው ሁሉ በየሩብ ሰዓቱ ብድግ በሚልበት ከተማ፣ ብድግ የማይል ሰው ይከበራል። አቶ ልየው የተከበሩት በዚህ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከስብሰባ መሐል ተነሥተው አያውቁም። ተቃዋሚ ሲገጥማቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ተቃዋሚው ወጣ ብሎ ሲመለስ ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ይጠብቀዋል። ጡረታ ሲወጡ ማኅበሩ ትልቅ የነሐስ ዋንጫ ሸለማቸው። ሳሎናቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ «አቶ ልየው አይነሡም» የሚል ተቀርጾበታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ አቧራውን በጠረጉ ቁጥር «ሰው እኮ ለመቀመጥም ይሸለማል» ይላሉ።

ይኸው ክብር ለሽምግልናም ወግ ሆኗል። ለትዳር ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ አባት ተቀምጦ ይሰማል። ነገሩ ሳያልቅ ከወንበሩ ከተነሣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ማለቱ ነው፤ ምን አስነሣህ ተብሎ አይጠየቅም። ከባሕር ዳር ትዳር ግማሹ የጸናው በአባትየው ኩላሊት ድካም ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

አሁን የሚመጡት ሽማግሌዎች ግን የጣና ሰዎች አልነበሩም። ከበሰቃ ነበሩ።

በሰቃ ድሮ ከመተሐራ ከተማ ጥግ የተኛች ጨዋማ ሐይቅ ነበረች። ዓመት በዓመት እየሰፋች መንገዱን ዋጠች፣ ሐዲዱን ዋጠች፣ የሸንኮራውን ማሳ ዋጠች፤ በመጨረሻም በዙሪያዋ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ጨው አደረገችው። ቧንቧ ከመዘርጋት ሰውን መለወጥ ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ ለበሰቃ ሰዎችም ስንጥብ ታደለ፤ የእነሱ ግን በተቃራኒው የሚሠራ። በሰቃዎች ሐይቁን ራሱን ይጠጣሉ። ዙሪያቸው ከገላቸው የበለጠ ጨው ስለሆነ ውሃቸው እየሸሸ ያስቸግራቸዋል፣ ስለዚህ ሲጠጡ ይውላሉ። ጨዉን ስንጥባቸው መርጦ በአንገታቸው ያወጣዋል፤ እነሱም በጨርቅ ጠረግ አድርገው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ወደ ጓሮ የሚሄዱት በቀን አንዴ ነው፣ እሱንም ለወጉ ያህል።

ጣናዎችና በሰቃዎች ይዋደዳሉ፤ ይህም በመተማማታቸው ይታወቃል። ጣናዎች «የበሰቃ ሴት ወጥ ስትሠራ ጨው ካለቀባት ባሏን ትጠራለች» ይላሉ። በሰቃዎች ደግሞ «የጣና ሰው ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ነግሮህ ሳይጨርስ ይነሣል» ይላሉ። አብሮ መሥራትም መነገድም አለ። መጋባት ግን ሌላ ነው። ዱሮ ሰው ሲጋባ አጥንት ይቆጥር፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይማዘዝ ነበር። ያ ኋላ ቀርነት ተወግዶ አሁን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በየትኛው ውሃ ነው?»

የአቶ ልየው አንድያ ልጅ ውባንቺ የዓሣ ባለሙያ ናት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጨው ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚረባ ልታጠና በሰቃ ሄዳ ሳለ፣ ሮባ ከሚባል ዓሣ አርቢ ጋር ተዋወቀች። ሮባ ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። ፍቅር እንደያዘው ተከትሏት ባሕር ዳር መጣና «እኔው እለወጣለሁ፣ እዚሁ እኖራለሁ» ብሎ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ያረፈበት ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዘሎ ገባ። የሮባ ስንጥብ ጨው ማስወጣት እንጂ ማስገባት አያውቅም። የነበረችውን ጨው አራግፎ ጨረሰ፣ በምትኩ ውሃ ገባበት። እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ሐኪሞቹ ነፍሱን ካተረፉለት በኋላ ሁለተኛ እንዳይሞክር ከለከሉት።

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የምትለወጠው ውባንቺ ናት። የተለወጠ ሰው ደግሞ አይመለስም ይባላል። ልጃቸው ከእንግዲህ በአባቷ ቤት ተረጋግታ አታድርም፤ የጣና አየር የገላዋን ጨው ይሰርቅባታል። የበሰቃ ውሃ በጀሪካን ይዛ መጥታ፣ ጉንጫቸውን ስማ፣ ጀሪካኑ ሳያልቅ ትመለሳለች። «እኔ ልጅ ያሳደግሁት በጀሪካን ልክ ልትጠይቀኝ ነው?» አሉ አቶ ልየው ለባለቤታቸው። እምቢ ለማለት ንግግር አያስፈልጋቸውም ነበር። መቀመጥ ይበቃል።

በዚያ ሰሞን ያጽናናቸው ነገር ቢኖር ውባንቺ ራሷ ነበረች። ልጅቷ መቆየት ተማረች። ዱሮ እራት ላይ ስትነሣ ስትቀመጥ ታመሽ የነበረችው፣ አሁን ማዕዱ እስኪነሣ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ሌሊትም ኮቴዋ አይሰማም። አቶ ልየው በኩራት ሊሞቱ ደረሱ። «ደሜ ነው! የማን ልጅ መሰለችሽ?» አሉ።

ወይዘሮ ስመኝ ዋንጫውን አየት አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሳሎን ውስጥ ደግሞ ውባንቺ ከበሰቃ መልስ ያስቀመጠችው የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ አንድ የጣና ቆሮሶ ይዋኛል። ማታ ማታ ከከረጢት አንዲት ቁንጥር ጨው ታወጣና ትነሰንስበታለች። አቶ ልየው ዓሣውን ወደውታል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሚያየው ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ምን እያደረግሽው ነው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር አንድ ቀን።

«እያለማመድኩት ነው፣ አባዬ። ቆሮሶ በአልጫ ውሃ ሲኖር እንደኛ ነው፤ አይጠጣም፣ ሲሸና ነው የሚውለው። ጨው ሲበዛበት እንደ በሰቃዎች መጠጣት ይጀምራል። ስንጥቡ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። ጨው ሲያስገቡ የነበሩት ዞረው ማስወጣት ይጀምራሉ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው፤ በሮቹ ናቸው የሚዞሩት።»

«ታዲያ አንዴ ጨምረሽለት አትገላገይም? በቁንጥር ከምትለፊ!»

«አንዴ ከጨመርኩበትማ ይሞታል። የሮባን አላየህም?»

የልጁ ስም ሲነሣ አቶ ልየው ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዞሩ። ዓሣው አፉን ከፍቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨ።

«ይኸውልሽ! በቤቴ በአፉ የሚጠጣ!» አሉ ተቆጥተው። ውባንቺ ሳቀች፤ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ጠበቅ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ጠዋት አቶ ልየው ገንዳ ሳይገቡ ቀሩ። ወደ መጸዳጃው ደጋግመው ተመላለሱ፣ ነጭ ኩታቸውን ደረቡ፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ሁሉን አስበውበት ነበር። ያላሰቡት ዝናቡን ነው። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ወረደ፣ አየሩ ረጠበ፣ የአቶ ልየው ስንጥብም የተጠማ ይመስል መከፈት መዘጋቱን ተያያዘው።

«ቤቶች!»

ሦስት ናቸው። ከፊት የሮባ ታላቅ አጎት ኦቦ ጂሎ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ዱላቸውን ጨብጠው። ቀጥሎ ሐጂ ኑሬ፣ ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት፤ ከኋላ ደግሞ ጋሽ ላምበቦ፣ የድሮ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ፣ ሰፊ ሰውዬ። የሦስቱም አንገት ላይ ነጭ የጨው መስመር ይታያል። በሽማግሌ ወግ ባዶ እጃቸውን ለመግባት ጀሪካኖቻቸውን ከበሩ ውጭ ደርድረው ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ልየው ከተቀመጡበት ሆነው።

ኦቦ ጂሎ ትክ ብለው አዩአቸው። በበሰቃ ሽማግሌ ሲገባ ያልተነሣ ሰው ወይ ሽባ ነው ወይ ባለጌ። ቢሆንም የመጡበት ጉዳይ ይበልጣልና ዋጥ አደረጉት። «እግዜር ይስጥልን፣ አቶ ልየው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ከንፈራችንንም አናርስም» አሉ።

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ሐጂ ኑሬና ጋሽ ላምበቦ ወደ መሬት አዩ። ለበሰቃ ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። አቶ ልየው ግን በልባቸው «ከንፈር አለማራስ ምኑ ያስመካል?» አሉ። እሳቸው ከንፈራቸውን በውሃ ካራሱ የአንድ ሰው ዕድሜ ሊሆን ነው፤ አንድም ቀን ያመሰገናቸው ሰው የለም። እንዲህ ሆነው፣ ሁለቱም ወገኖች እያንዳንዱ በየወጉ እየተሠቃየ፣ አንዱም የሌላውን ሥቃይ ሳያይለት ጀመሩ።

«ልጃችን ሮባ ልጅዎን አይቶ ወደደ» አሉ ኦቦ ጂሎ። «ለልጃችን ይስጡን ልንል ነው አመጣጣችን።»

«ወገኑ ማን ነው?»

«በውሃው በሰቃ ነው። አንደብቅዎትም። ብንደብቅም አንገታችን ይናገራል።»

«ልጁን አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ልየው። «ኩፍ ሲል አይቼዋለሁ።»

ጋሽ ላምበቦ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሳል አስመስለው ደበቁት።

«ለእሷ ብሎ ነው ኩፍ ያለው» አሉ ሐጂ ኑሬ በዝግታ። «ቸኩሏል፣ ሞኝነቱንም አንክድም። ክፉ ግን አይደለም። ብዙ ሰው ለሚወዳት እሞታለሁ ይላል፣ ሐኪም ቤት ድረስ የሄደ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁ።»

«ይሁን፣ ደግ ነው። ግን ይቺ ልጅ አንድያዬ ናት። ከተለወጠች አትመለስም። እናንተ አንድ ልጅ ጨምራችሁ ትገባላችሁ፤ እኔ ባዶ ቤት ታቅፌ እቀመጣለሁ።»

«መቀመጡንስ ይችሉበታል» አሉ ጋሽ ላምበቦ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ኦቦ ጂሎ የሮባን ሥራ አነሡ፣ አቶ ልየው የመንገዱን ርቀት አነሡ። ሐጂ ኑሬ የሮባን እናት ደግነት መሰከሩ፣ አቶ ልየው አልተጠራጠርኩም አሉ። ውጭ ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ በአሸንዳው እየተንዶለዶለ ይወርዳል። ያ ድምፅ ለሁለቱም ወገን አልተስማማም። ሽማግሌዎቹ ሊጠጡት የማይችሉትን ውሃ እየሰሙ ምራቃቸውን ለመዋጥ ይሞክራሉ፤ አቶ ልየው ደግሞ ሊያደርጉት የማይችሉትን ነገር አሸንዳው በነፃነት ሲያደርገው ይሰማሉ።

ወይዘሮ ስመኝ ወጣ ብለው ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ወጡ፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው «አንተስ፣ ደህና ነህ?» አሉ።

«ደህና ነኝ!» አሉ አቶ ልየው፤ ድምፃቸው ግን ካሰቡት በላይ ቀጥኖ ወጣ።

እግራቸውን አጣመሩ። ደግሞ ፈቱት። የቀኝ ጉልበታቸው በራሱ ፈቃድ መርገብገብ ጀመረ። ዓይናቸውን ከአሸንዳው አሽሽተው ሽማግሌዎቹ ላይ ሲያሳርፉ፣ እስከዚያ ያላስተዋሉትን አዩ። የኦቦ ጂሎ ምላስ ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ ቃላቸውን ይቆርጥባቸዋል። የጋሽ ላምበቦ ከንፈር ተሰንጥቆ ቀይ መስመር አውጥቷል። ሐጂ ኑሬ ዱላቸው ላይ እየተደገፉ፣ ዓይናቸውን በየመሐሉ ይጨፍናሉ። ሰው በዝናብ መሐል ቆሞ እንደ ኩበት ይደርቃል እንዴ? አቶ ልየው ደነገጡ።

ኦቦ ጂሎም በተራቸው የሚርገበገበውን ጉልበት አይተውት ነበር። «አቶ ልየው፣ ያምዎታል እንዴ?»

«አያመኝም። እናንተንስ?»

«እኛንም አያመንም።»

«ወጣ ብለው መምጣት ከፈለጉ እኛ አንቀየምም» አሉ ኦቦ ጂሎ።

«ከተነሣሁ ልጄን ሰጠሁ ማለት ነው። ወጋችን ነው።»

ኦቦ ጂሎ አፋቸውን ያዙ። «እኛ እኮ ንቀውን መስሎን ነበር! ሽማግሌ ገብቶ የማይነሡት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። እናንተስ፣ ትንሽ ብትጠጡ ምን አለበት? ጀሪካኑ በር ላይ ነው።»

«ከጠጣን ጥያቄያችንን ተውን ማለት ነው። ወጋችን ነው።»

አቶ ልየውና ኦቦ ጂሎ ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ጋሽ ላምበቦ «ይሄን ወግ ያወጣ ሰው ውሃም ሽንት ቤትም አይቶ አያውቅም» አሉ። ማንም አልሳቀም። አሁን አንዱ የሌላውን መከራ ስላወቀ ነገሩ ይባስ ከበደ፤ እንዲህ የተሠቃየን ሰው ትቶ መሸነፍ ነውር ሆነ። አቶ ልየው አዘኑላቸው። ማዘን ሌላ፣ ልጅ መስጠት ሌላ።

በዚህ መሐል ሐጂ ኑሬ ተንገዳገዱ። ጋሽ ላምበቦ ክንዳቸውን ያዙአቸው። ዱላቸው ወለሉ ላይ ወደቀ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ውባንቺ ወጣች።

ሽማግሌ ቆሞ እያለ ልጅቷ አትታይም፤ ይህ የጣናም የበሰቃም ወግ ነው። እሷ ግን ማንንም ሳታይ በሳሎኑ አልፋ ወደ ደጅ ወጣች፤ ጸጉሯ በዝናብ ርሶ፣ አንዱን ጀሪካን በሁለት እጇ ተሸክማ ተመለሰች።

«አንቺ! ለእነሱ እንዳትሰጫቸው፣ ከጠጡ ጉዳዩ ይፈርሳል!» አሉ አቶ ልየው። ይህን ሲሉ የማንን ወገን እንደሚጠብቁ ራሳቸውም አላወቁትም።

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ለእነሱ አይደለም» አለች።

ክዳኑን ከፈተች። ኩባያ በሌለበት ቤት ሌላ መንገድ አልነበረምና፣ ጀሪካኑን አንሥታ አፏ ላይ ደቀነችው።

«ውባንቺ!» አቶ ልየው የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። የበሰቃ ውሃ ለጣና ሰው መርዝ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ልጅቷ ግን ጠጣች። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ውሃው በአገጯ ሻርፗ ላይ እየፈሰሰ፣ እንደ ዓሣው ደጋግማ እየተጎነጨች ጠጣች። ሦስቱ ሽማግሌዎች የሌለ ምራቃቸውን አብረዋት ዋጡ።

ጀሪካኑን አውርዳ አፏን ጠረገች። የራሰውን ሻርፕ ከአንገቷ ፈታችው። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ስስ ነጭ የጨው መስመር ይወርዳል።

«ጠማኝ፣ አባዬ» አለች።

በዚያ ቤት ያ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አቶ ልየው የልጃቸውን አንገት አዩ፣ ዓሣውን አዩ፣ የጨዉን ከረጢት አዩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዓሣው ጋር ነው የጀመርኩት። ለሱ አንድ ቁንጥር፣ ለኔ አንድ ቁንጥር።»

«መቆየት የተማርሽው ታዲያ...»

«አልቆየሁም፣ አባዬ። አልመጣብኝም እንጂ።»

አቶ ልየው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ልጅህ በዚህ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥማ ስትውል አልጠየቅክም» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። «ደሜ ነው አልክ። ምን ልበልህ?»

መጀመሪያ ተናደዱ። ቀጥሎ አፈሩ። ከሁለቱም በኋላ ፍርሃቱ መጣ፤ ልጃቸው በዚያች ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ልትሞት ትችል ነበር። «ብትሞቺብኝስ ኖሮ?»

«ለዚያ ነው ያልቸኮልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቀመጥ ነበር» አለች ውባንቺ። እንባዋ መጣ። «እኔም እዚህ ብዙ መቆየት አልችልም ከእንግዲህ። ጨዉ እየከዳኝ ነው። ሳትሰጠኝ መሄድ ግን አልፈለግሁም።»

አቶ ልየው ጠዋቱን ሙሉ በሩን ዘግተው ሲጠብቁ የዋሉት ቤት ልጅቷ ከወጣችበት ቆይታለች። ይህ ልባቸውን አደማው፤ ሽማግሌ ፊት ባይሆኑ ያለቅሱ ነበር።

ውባንቺ ጀሪካኑን ደግማ ልታነሣው ሞከረች። ከበዳት፣ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ አቶ ልየው ከንፈሯን አዩት። እንደ ሽማግሌዎቹ ተሰነጣጥቋል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ከመጋረጃው ጀርባ እሷም ከንፈሯን ሳታርስ አብራቸው ስትጾም ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። በልጅነታቸው የሸመደዱትና ለልጃቸውም ያስሸመደዱት ተረት ዛሬ ገባቸው፤ መምህሩ እንዳሉት የረሃብ ታናሽ ወንድም አልነበረም። ዓይን ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ በተለይ የሚጠማው የገዛ ልጅ ሲሆን።

አቶ ልየው ተነሡ።

ቀስ ብለው ነው የተነሡት፣ በብዙ ጥንቃቄ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው። ኦቦ ጂሎ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አቶ ልየው በአጫጭር እርምጃ መደርደሪያው ዘንድ ደርሰው የነሐሱን ዋንጫ አወረዱ፣ አቧራውን እፍ አሉበት፣ በኩታቸው ጫፍ ወልወል አደረጉት። ጀሪካኑን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ቀዱና አቀረቡላት።

«እንደ ከብት አትጠጪ» አሉ። «በአባትሽ ቤት በዋንጫ ነው የሚጠጣው።»

ውባንቺ ዋንጫውን ከነእጃቸው ያዘችውና ጠጣች።

«አቶ ልየው» አሉ ኦቦ ጂሎ በሹክሹክታ። «ተነሥተዋል እኮ።»

«አውቃለሁ። ልጁ ጠምቷት የሚቀመጥ ምን ዓይነት አባት ነው?»

ወይዘሮ ስመኝ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሐጂ ኑሬን፣ ከዚያ ራሳቸውን ወንበር ላይ ጣሉ። ዋንጫው ከእጅ እጅ ዞረ። «አቶ ልየው አይነሡም» የሚለውን ጽሑፍ ጋሽ ላምበቦ ከጠጡ በኋላ ጮክ ብለው አነበቡትና፣ የቀረችው እርጥበት በሳቅ እንዳታልቅባቸው አፋቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ምርቃቱ ተጀመረ። ኦቦ ጂሎ ጉሮሯቸው ረጥቦ ድምፃቸው ተመልሷልና ቶሎ የሚያበቁም አይመስሉም ነበር። ውለዱ ክበዱ አሉ፤ አልጫውም ጨዉም ይስማማችሁ አሉ፤ በሁለቱም ሐይቅ የሚዋኙ ልጆች ይስጣችሁ አሉ።

አቶ ልየው እስካሁን ቆመዋል። እግራቸውን ከእግራቸው እያፋተጉ፣ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያረጀ ቆሮሶስ?»

«ምን ያረጀ?»

«እንዲሁ ለማወቅ ነው። አንድ ያረጀ ቆሮሶ፣ እንበል፣ ልጁን ሊጠይቅ በሰቃ ሄዶ ሰንበት ማለት ቢያምረው። በሮቹ ይዞራሉ?»

ውባንቺ አየቻቸው። እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች የአንገቷን ጨው ጠረገች። «ይዞራሉ፣ አባዬ። በቁንጥር ከሆነ ይዞራሉ። ከቸኮለ ግን አይሆንለትም።»

«እኔ በሕይወቴ ቸኩዬ አላውቅም» አሉ አቶ ልየው። ኩታቸውን በክብር አስተካከሉ፣ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሡ፣ ከዚያም ምርቃቱ ሳያልቅ ወደ ጓሮው በር ሮጡ።